እርማት፦ ማርከር ጤፍን ያነባል እንጂ አይለውጥም

«ተመራማሪዎች የጤፋችንን ዲኤንኤ በማርከር መመርመር ከጀመሩ ወዲህ ጤፉ ልውጠ ሕያው (ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ) ሆኗል፤ ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም የዚሁ ውጤት ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ሁለቱም ስህተት ነው።

ሞለኪውላር ማርከር ማንበቢያ ነው። ከችግኙ ትንሽ ቅጠል ተቆርጦ ይፈጫል፣ ዲኤንኤው ተለይቶ ይወጣል፣ ከዚያ የተመረጠ አንድ ቦታ ብቻ በፒሲአር ማሽን ይባዛል። ማይክሮሳተላይት በሚባለው ማርከር የሚታየው ሁለት ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት የሚደጋገሙበት ቦታ ነው፤ በአንዱ ጤፍ 12 ጊዜ፣ በሌላው 17 ጊዜ ሊደጋገሙ ይችላሉ። ናሙናው ጄል በሚባል ለስላሳ ንጣፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሲነዳ አጭሩ የዲኤንኤ ቁራጭ ርቆ ይሄዳል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። የተፈጨው ቅጠል ወደ ማሳ አይመለስም፤ ተክሉም እንደነበረው ያድጋል።

ቁንጮ ደግሞ ዱከም የተባለውን ምርታማ የጤፍ ዝርያ ማኛ ከተባለው ነጭ ጤፍ ጋር በእጅ በማዳቀል ደብረ ዘይት ላይ የተገኘ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ ዝርያ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የሚከፈተውም ማለዳ ለአጭር ጊዜ ነው። አዳቃዩ በማጉያ እያየ ነው የሚሠራው። ያን ሁሉ ልፋት በአንድ ወሬ ማጠልሸት ያሳዝነኛል።

ወሬው ገበሬውን ናሙና እንዳይሰጥ ሲያስፈራው ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስማቸው የተለያየ ሁለት ጤፎች አንድ መሆናቸውን፣ ወይም በአንድ ስም የሚጠሩት የተለያዩ መሆናቸውን የሚለየው ይኸው ምርመራ ነው፤ የትኛው ዘር ቀድሞ መጠበቅ እንዳለበትም ያመለክታል።