«ዋናው ልጁ በሰላም መውጣቱ ነው» እያልን እስከ መቼ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ለእኔም ይደርሰኛል።

አንዲት እናት ምጥ ላይ ሆና ጭኗን በጥፊ ተመታች። «ያኔ ሳታፍሪ አሁን ነው የምትጮኺው?» ተባለች። ቤቷ ገብታ ለእናቷ ነገረች። «ተይው ልጄ፣ ዋናው ልጁ በሰላም መውጣቱ ነው» አለቻት። ለባሏ ነገረች። «የሰው እንጀራ ላይ አንቁም» አላት። ለጓደኛዋ ስትነግራት ደግሞ «እኔንም እንደዛ ብለውኛል» ብላ ወሬውን ቀየረች። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። የመታቻት አዋላጅ በማግስቱ ተረኛ ሆና ገባች፣ ሌላ እናት ተቀበለች።

ያቺን ሁለተኛ እናት ያስመታናት እኛ ነን። ይሄን ስል በደንብ አስቤበት ነው።

እኔ ራሴ አዋላጅ ነኝ። ሙያዬን እወደዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው፣ ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ የሰው ልጅ ሲቀበሉ የሚያድሩ ባልደረቦች አሉኝ። ስማቸው ከተሳዳቢዋ ጋር አብሮ ሲነሳ እኔን ያመኛል። እናንተ ግን «አዋላጆች እኮ እንደዚህ ናቸው» ብላችሁ ትጠቀልሉናላችሁ፣ እንደዚህ የሆነችውን ለይታችሁ አትጠቁሙም።

ነገሩ የአንድና ሁለት ሰው ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 በወሊድ ጊዜ የሚደርሰውን ማዋረድና በደል የሚመለከት መግለጫ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2019 በጋና፣ በጊኒ፣ በማያንማርና በናይጄሪያ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። አጥኚዎቹ ማዋለጃ ክፍል ገብተው በዓይናቸው ከተከታተሏቸው 2016 ሴቶች 838ቱ ተመትተዋል፣ ተሰድበዋል ወይም ተንቀዋል። የልጁ መውጫ በመቀስ ከተቆረጠባቸው 253 ሴቶች ደግሞ 190ዎቹ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። ከሁሉም ልቤን የነካው ሰዓቱ ነው። ዱላውና ስድቡ የሚበዛው ልጁ ሊወለድ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ከተወለደ በኋላ እስከ ሩብ ሰዓት ድረስ ነው። ሴትየዋ መነሳት፣ መሄድ፣ እምቢ ማለት በማትችልበት ሰዓት ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። መጥፎ ውጤት ሁሉ የሙያ ጥፋት አይደለም። ደም መፍሰስ በጎበዝ እጅ ላይም ይመጣል። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው የሚያዝ ልጅ አለ፣ ማንም አስቀድሞ ላያውቀው ይችላል። አዋላጅም ሰው ናት፣ ትሳሳታለች። ስህተቷን ያኔውኑ ተናግራ፣ ሐኪም ጠርታ፣ ያደረገችውን እንዳደረገችው ከጻፈች ትምህርት ይወሰድበታል። መምታት፣ ጥሎ መሄድ፣ ሳያስፈቅዱ መቁረጥ፣ ገንዘብ ካልተሰጠኝ አልነካሽም ማለት፣ የሆነውን መደበቅ ግን ስህተት አይባልም። ጥፋት ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚቀመጠውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ስለ መደበቅ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሙያው ተወክዬ አባል ሆኜ የተቀመጥኩበት ጉዳይ ነበር። ልጁ ሳይተነፍስ ተወልዶ፣ በስንት መከራ ነፍስ ዘርቶ፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ብዙ ቀን ቆይቷል። ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። የምጡ መከታተያ ፓርቶግራፉ እንከን የለውም፤ የፅንሱ የልብ ምት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት በየ30 ደቂቃው ተሞልቷል። 140፣ 140፣ 140፣ 140። እስከ መጨረሻው 140። የፅንስ ልብ እንደዚያ አይመታም። ከ110 እስከ 160 ባለው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቁርጠቱ ሲመጣና ሲሄድም ይለዋወጣል። የጽሑፉ ቀለምም አንድ ነው፣ የእጁ ግፊትም አንድ ነው። አምስት ሰዓት የፈጀ ክትትል ሳይሆን አምስት ደቂቃ የፈጀ ጽሑፍ መሆኑ ያስታውቃል።

እናትየዋ ስትጠየቅ ሰዓቱን አላውቅም አለች። ምጥ ላይ ያለ ሰው ሰዓት ያያል እንዴ! ስልኳን ግን አውጥታ ለባሏ የላከችውን መልዕክት አሳየችን። «እስካሁን ማንም አልመጣም፣ እባክህ ሰው ጥራልኝ» ይላል። የተላከው ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ነው። በካርዱ ላይ 5 ሰዓት ከ30ም 6 ሰዓትም 140 ተብሎ ተጽፏል።

የዚያን ሌሊት እዚያ የነበሩ ሁለት ሰዎች ለምስክርነት ተጠርተው ነበር። አንዷ ጭራሽ አልመጣችም። ሌላዋ መጥታ «አላስታውስም» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። ስንጠይቅ ስንጠይቅ የወጣው እውነት ደግሞ ይሄ ነው፦ አዋላጇ በዚያ ሰዓት ብቻዋን አራት ምጥ ይዛ ነበር። እህቴ፣ «አልደረስኩም፣ ብቻዬን ነበርኩ» ብለሽ ብትጽፊ ምን ነበረበት? ያ ወረቀት እኮ አንቺን ብቻሽን የመደበሽን ሰው ስም ይዞ ይቀርብልሽ ነበር። 140 ብለሽ ስትደረድሪ ግን እሱን ከጥያቄ አወጣሽው፣ ራስሽን አስገባሽ።

ባልደረቦቼ፣ ዝም ብላችሁ የምትተባበሩ፣ «የኛ ልጅ ናት» የምትሉ፣ ይሄ ደግነት አይምሰላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ሞርካም ቤይ በሚባለው አካባቢ የአንድ ሆስፒታል አዋላጆች እርስ በርስ ሲሸፋፈኑ ዓመታት አለፉ። በ2015 ይፋ የሆነው ምርመራ፣ እንክብካቤው የተለየ ቢሆን ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ 11 ሕፃናትና አንዲት እናት መሞታቸውን ገለጸ። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነሳው ተቋምም አልዳነም፤ በ2018 የወጣ ግምገማ ጉዳዮቹን ለመቋጨት 8 ዓመት ገደማ እንደፈጀበትና የወላጆቹን ቃል በአግባቡ እንዳልሰማ ተናገረ። በነዚያ ዓመታት ቅሬታ የቀረበባቸው አንዳንዶቹ እየሠሩ ነበር። ሲጮሁ የኖሩት የሞቱት ልጆች ቤተሰቦች ናቸው፣ ባይጮሁ ኖሮ ይሄም አይወጣም ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ቅሬታ የምታቀርብ እናት ስታገኙ «ተይው» አትበሏት። ለምስክርነት ስትጠሩ ስልክ አታጥፉ። «አዋላጇ ልጆች አሏት፣ የሙያ ፈቃዷ ቢነጠቅ ምን ትበላለች» እያላችሁ እናትየዋ አቤቱታዋን እንድትተው አትለምኗት፣ ኮሚቴ እኮ ያለው መንጠቅ ብቻ አይደለም። ማስጠንቀቂያ አለ፣ በሰው ቁጥጥር ሥር ሆና እንድትሠራ ማድረግ አለ፣ ተመልሳ እንድትማር ማዘዝ አለ፣ ለጊዜው ማገድ አለ። መሰረዝ የመጨረሻው ነው።

ሌላው ደግሞ ፌስቡክ ላይ የምታደርጉት ነገር። የአንዲትን አዋላጅ ፎቶ ትለጥፉና «ገዳይ» ትሏታላችሁ፣ በአንድ ቀን አሥር ሺህ ሰው ይረግማታል፣ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ረስቶታል። ቅሬታውን ግን በጽሑፍ ያስገባ አንድ ሰው የለም! የተከሰሰች አዋላጅ ክሱን አውቃ፣ ማስረጃውን አይታ፣ መልስ የመስጠት መብት አላት። ያላጠፋችም ትኖራለች እኮ። የሰው ስም አጥፍቶ ዞር ማለት ፍትሕ መስሎ ከታያችሁ ተሳስታችኋል።

ከማዋለጃ ክፍል ስትወጡ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ የሆነውን ጻፉት። ቀኑን፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ፣ አብሮ ማን እንደሰማ። የካርዱን ቅጂ ጠይቁ። በስልክ የተላከ አንዲት መልዕክት እንኳን ቢሆን አታጥፉ።

ያቺ እናት ጉዳዩ ሊዘጋ ሲል የምትጨምሪው አለሽ ወይ ተባለች። ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች «እኔ እንድትባረር ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለች። «ያን ሌሊት ስጣራ ማን መምጣት ነበረበት? እሱን ንገሩኝ ብዬ ነው።»