አይፒ ብቻውን አያደርስም
ስለ ኔትወርክ የወጣው ጽሑፍ «በአንድ ቤት ኔትወርክ ውስጥ ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በአይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ ለየመሣሪያው በሚሰጥ ቁጥር) ብቻ ነው» ያለው ልክ አይደለም። መልእክቱ እደጁ የሚደርሰው በ48 ቢቱ የማክ አድራሻ፣ ማለትም በመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር ነው። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኤአርፒ (በአይፒው ማኩን የሚፈልግ የኔትወርክ ደንብ) «ይህ አይፒ የማን ነው?» ብሎ ሁሉንም ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ማኩን ለጠያቂው ብቻ ይመልሳል። መልሱም በጠያቂው የኤአርፒ ሰንጠረዥ ለጊዜው ይያዛል። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ፕሪንተሩ ጠዋት ይታያል፣ ከሰዓት ይጠፋል። ገመድ ቀየርን፣ ከኮምቦልቻ ባለሙያ አስመጣን፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የኤአርፒ ሰንጠረዡን ስከፍት በፕሪንተሩ አይፒ ትይዩ የአንድ ደንበኛ ላፕቶፕ ማክ ተቀምጧል። ሁለቱ አንድ አይፒ ይዘው ኖሯል! ከላይ በአስተያየትህ መፍትሔው «ራውተሩን (አይፒ የሚያድለውን የኔትወርክ ሳጥን) አጥፍቶ ማብራት ነው» ያልከው ወንድሜ፣ እሱ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም። አብሽር፣ ለፕሪንተሩ ራውተሩ ለሌላ የማያድለውን ቋሚ አይፒ ስጠው።