ለባለ ሞንታርቦው የዱር እንስሳት ወዳጅ

ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ለምትጎርፉ የተፈጥሮ ወዳጆች በሙሉ፦ ምስጋና ሲያንሳችሁ ነው።

ሌላው ዓለም የዱር እንስሳ ለማየት ድምፁን አጥፍቶ፣ አፈር የሚመስል ልብስ ለብሶ፣ ጥሻ ሥር ተጎልቶ ይውላል። ያሳዝናል። የኛ ሰው ግን ቢጫ ቲሸርቱን ለብሶ፣ ሞንታርቦውን ተሸክሞ፣ እስክስታውን እየወረደ ይገባል። የምኒልክ ድኩላ ዓይን አፋር ነው። ብቅ የሚለው ጧትና ማታ ነው፤ ኮሽታ ከሰማ የለም። እናንተም ይህን ስለምታውቁ ገና በሩ ላይ ሳላችሁ መምጣታችሁን ታሳውቁታላችሁ። ሳይነግሩ ሰው ቤት ዘው ማለት ነውር አይደል?

ለጥበቃውም ቢሆን እንደናንተ ያለ የለም። አዳኝ ቢመጣ ምን ሊያገኝ? ድኩላው የወጨጫን ተራራ ሽቅብ ይዞታል። በጫጫታ የሚታማው ጋጋኖ እንኳ እናንተን ሲሰማ ሥራውን ለቋል።

ደግነታችሁስ! ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ጨጓራውም ቅጠል እንዲያብላላ ተብሎ የተሠራ ነው። ዕድሜ ልኩን ቅጠል ሲያኝክ ማየቱ አላስችል ብሏችሁ ብስኩት ትወረውሩለታላችሁ። አንዷ እህታችንማ ከነማሸጊያው ነው የወረወረችለት። ጉሬዛው ከዝግባው ጫፍ ሆኖ ዝም ብሎ አያት። ጦጣዎቹ ግን ነገሩ ቶሎ ገብቷቸዋል። ሚኒባስ ሲቆም ከተፍ ይላሉ። አንዱ በግራ እጁ የቦርሳውን ጫፍ ወጠር አድርጎ፣ በቀኙ ዚፑን ቀስ እያለ ሲከፍት አይቻለሁ። መርካቶ ቢወለድ የት በደረሰ!

ወደ ተከላው ልምጣ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ይባላል። እናንተስ ከማን ታንሳላችሁ? ሃይላንድ ትተክላላችሁ። ጽድ ለወግ ለማዕረግ እስኪበቃ ስንት ዘመን ይፈጃል፤ ውሃ ይላል፣ አፈር ይላል፣ ፍየል ይበላዋል። ሃይላንድ ምን ቸገረው? ክረምት ከበጋ አይጠወልግም። ክዳኑን ለብቻው፣ ጠርሙሱን ለብቻው የምትተክሉትማ ዘር ማራራቅ የገባችሁ ናችሁ። ከሰሉንም የሽማግሌ ጽድ ሥር ማቀጣጠላችሁ ብልሃት ነው። ጥብሱ የጽድ ሽታ ይኖረዋል።

ባለፈው አንድ ጠና ያሉ የጫካ ጠባቂ ወደ ጭፈራው ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ትንሽ ብትቀንሱት ሲመሻሽ ድኩላ ይወጣል» አሉ።

«አያስቡ ጋሼ፣ ባትሪው እስከ ማታ ይቆያል» አላቸው ባለ ሞንታርቦው፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ በአክብሮት።

ማታ ሲወጡ ያው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ደረሰኙን ያውለበልብ ነበር። «ከፍለን ገብተን አንድ እንስሳ እንኳ ሳናይ? ብራችን ይመለስልን!»