ቮልሴ ኤሌክትሪክ ናት ተባለች

«አይዲ ፎር ናት አይዲ ሲክስ?»

ጥያቄው የመጣው ከመስኮቱ ጀርባ ነው። ደሴ፣ የመኪና ስም የሚዛወርበት ቢሮ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ። የጠየቀችኝ ልጅ ቀና አላለችም፤ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። እኔ ሞኙ ደግሞ አይዲ ስትል መታወቂያ መስሎኝ መታወቂያዬን አወጣሁ።

«መኪናዋን ነው የምልህ። ቮልስዋገን አላልክም?»

ብያለሁ። ቮልስዋገን ናት። ግን ኤሊዋ ቮልስ ናት እኮ! በፈረንጆቹ የ1965 ሞዴል። 60 ዓመት የሞላት አሮጊት። አይዲ ፎር የምትሉት የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ሲወለድ እሷ የልጅ ልጅ ለማየት ደርሳ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። መኪናዋን የገዛሁት ከጎረቤታችን፣ ከጡረተኛ መምህር ነው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ፌስቡክ ላይ መነሳት አይወዱም። የሰፈራችን ልጅ ዝናብ ሲጥል በዚያች መኪና ነው ትምህርት ቤት የደረሰው። አንድ ቀን ዘጠኝ ሆነን ገብተንባታል። እኔ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው የዕቃ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። ሞተሩ እዚያው ሥር እየተንጫጫ ሙቀቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። የደሴን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ሰው ያቺ ጉድጓድ ምን እንደነበረች ይገባዋል።

በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ጋሼ አራቱንም ጎማ አውልቀው፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ የአጃ ገለባ ከመሩባት። ከተማው ውስጥ ስንት መኪና ሲወሰድ እሷን ዞር ብሎ ያያት የለም። ዘንድሮ ዓይናቸው ደከመና «ቆራርጦ ለሚሸጥ ከምሰጣት አንተ ውሰዳት» አሉኝ። ዋጋው የጎረቤት ዋጋ ነው። ውል ተዋዋልን፣ አጸደቅን። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ስም ለማዛወር ግን ግምት ያስፈልጋል። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው፣ የሚሰላውም በግምቱ ላይ ነው። ውሉ ላይ የጻፍነውን ዋጋ ማንም አላመነንም። ይሄ እንኳ ይገባኛል፤ ሁለት ሚሊዮን ተቀብሎ ሁለት መቶ ሺህ ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። ስለዚህ ቢሮው የራሱን የዋጋ ዝርዝር ያያል። ዝርዝሩ ውስጥ «ቮልስዋገን» የሚል አለ። ከሥሩ የተጻፉት ግን እነዚያ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ ናቸው። ሌላ ቮልስ በዚህች ምድር ላይ ነድቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና እኮ ናት! እስከ 2003 በፈረንጆቹ ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ናት። አንድ ዘውድ ጭና የወጣች መኪና አንድ መስመር አጣች።

«እና ምን ይሻላል?» አልኩ።

«አብሽር ወንድሜ፣ ቴክኒክ አይተው ይጽፉልሃል።»

ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ስንባባል ልብ ያሞቃል። መስኮት ላይ ስንባል ግን «ሌላ ቀን ተመለስ» ማለት ነው።

መኪናዋን ይዤ ቴክኒክ ምርመራ ሄድኩ። ጋሼም «ብቻህን አትችላቸውም» ብለው ከዘራቸውን ይዘው አብረውኝ መጡ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ፣ ክፋት የለበትም። ኮፈኑን ከፈተው። ውስጡ ትርፍ ጎማና የጋሼ ጃንጥላ አለ።

«ሞተሩስ?»

«ከኋላ ነው።»

ዞረ። ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ራዲያተሩ የት ነው?»

«የላትም። በአየር ነው የምትቀዘቅዘው።»

ወላሂ፣ እኔ ይሄን የተናገርኩት በኩራት ነው። ሐረጎን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ በዚያ ጥምዝምዝ ላይ ስንቱ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ፣ በእንፋሎት ተከቦ፣ ውሃ ሲለምን ታያላችሁ። የእኛዋ ግን በሁለተኛ ማርሽ እየተነጫነጨች ትወጣዋለች። የሚፈላ ውሃ ከየት ይምጣ? ጉልበቷ 34 ፈረስ ብቻ ነው፤ እሱም 34ቱ በሙሉ ከነቁ ነው።

ልጁ ግን ኩራቴን በሌላ መንገድ ተረዳው። ወረቀቱ ላይ የጻፈውን በኋላ አየሁት፦ ሞተር ከኋላ፣ ራዲያተር የሌለው፣ ቮልስዋገን። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ይህን አንብባ ፊቷ በራ። «ይኸው! ኤሌክትሪክ ነች እኮ!»

ተቆጣሁ እንዳልል አሳቀኝ። እስኪ ፍረዱ፣ ነገሩ ሲያዩት ልክ ነው። አይዲ ፎርም ሞተሩ ከኋላ ነው።

ግን ሳቁ ገንዘብ ሲቆጠር ይቆማል። የአይዲ ፎር ዋጋ በሚሊዮን ነው የሚጠራው። 2 በመቶ ማለት ከእያንዳንዱ ሚሊዮን 20,000 ብር ነው። ቀረጡ መኪናዋን ራሷን ወደ ገዛሁበት ብር መጠጋት ጀመረ። የሚገርመው ደግሞ እውነተኛው አይዲ ፎር አገር ውስጥ ሲገባ ከኤክሳይስ ነፃ ነው። ኤሌክትሪክ ስለሆነ። እሱ በኤሌክትሪክነቱ ተማረለት፣ የእኔዋ በኤሌክትሪክነቷ ተከሰሰች።

የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በቮልስ የሻንሲ ቁጥር የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ላይ በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቶ ነው። ወንበሩን አንስተን፣ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ፈትገን አወጣነው። ዘጠኝ አኃዝ። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ግን 17 ነው። 17 የሚባለው ሥርዓት እሷ ከተሠራች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነገር ነው። ከየት ላምጣላቸው? ልጅቷ ብልህ ናት፣ መፍትሔ አላጣችም። ከፊቱ ስምንት ዜሮ ደረደረችበት። ገባ! ተመሰጋገንን።

ሦስተኛ ወገን መድን ልገባ ስሄድ «ሊብሬው ላይ ዘጠኝ፣ እዚህ 17፣ ቁጥሩ አይመሳሰልም» ተባልኩ። ያለ መድን ደግሞ ቦሎ የለም። ያለ ቦሎ መንገድ ላይ መውጣት የለም። ዜሮ ዋጋ የለውም ያለኝ የሒሳብ አስተማሪ ዛሬ ቢኖር ይዤው እሄድ ነበር።

እና ቦሎው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እውነተኛው ብሶቴ ይሄ ነው። ይቺ መኪና በዓመት ስንት ቀን ትወጣለች? ለጥምቀት። ለኢድ። ሰርግ ካለ፣ ሙሽራ ከለመነ። አንዳንዴ እሑድ እስከ ሐይቅ ድረስ ዓሣ ለመብላት። ሌላውን ቀን ሸራ ለብሳ ተኝታ ነው። ዓመታዊ ክፍያው ግን ቀኑን ሙሉ መንገድ ከሚፈጨው መኪና ጋር እኩል ይጠይቃታል። ስትገመት እንደ አዲስ፣ ስትመረመር እንደ አሮጌ ብረት፣ ስትከፍል እንደ ሠራተኛ። ዕድሜዋ የሚቆጠረው እሷን ለመክሰስ ሲሆን ብቻ ነው።

ቦሎ የሚለውን ቃል ያመጣነው ከጣሊያን ነው። ጣሊያኖች ዛሬም የመኪና ዓመታዊ ግብራቸውን ቦሎ ነው የሚሉት። ግን እዚያ አገር መኪና 30 ዓመት ሲሞላት ከቦሎ ነፃ ትወጣለች። መንገድ ላይ ካወጧት ብቻ ትንሽ ቁርጥ ክፍያ አለ። እኛ ቃሉን ተቀብለን ምሕረቱን አሰብ ወደብ ላይ ትተነው መጣን። እንግሊዝ 40 ዓመት ላለፋት መኪና የመንገድ ግብሩ ዜሮ ነው፤ ሲያመለክቱ ይነሣላቸዋል።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያለው። እዚያ መኪና እንደ ቤት ንብረት ተቆጥሮ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፈልበታል፤ ሲደውልልኝ የሚያማርረው ስለዚያ ነው። ግን 25 ዓመት የሞላት መኪና የጥንታዊ ታርጋ ማግኘት ትችላለች። ምዝገባው አንድ ጊዜ ነው፣ በየዓመቱ አይታደስም። የየአካባቢው አስተዳደርም ንብረት ግብሩን ሊያነሣላት ይችላል። በምላሹ ደግሞ ግዴታ አለ፤ በየቀኑ ሥራ መመላለሻ አትሆንም። ለትርኢት፣ ለሰልፍ፣ ለሽርሽር ነው። በቃ፣ ቀላል ስምምነት። «አትነዳትም፣ አናስከፍልህም።»

ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ትንሽ አሰቡና «እኔን በየትኛው ታርጋ ይመዘግቡኝ ይሆን?» አሉ።

አንዳንዱ አሁን ኮሜንት ላይ «አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ ሰው ይገድላል» ሊለኝ ነው። ቆይ። የ2012ቱ ኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል እኔም አጨብጭቤያለሁ። ዱባይ የጣለችውን እኛ ለምን እናንሳ? ከ2016 ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከነጭራሹ መግባት ተከልክሏል። እሺ፣ ይከልከል። እኔ ግን ምንም ነገር ላስገባ አላልኩም። የእኔዋ ከገባች ስንት መንግሥት አልፏል። ፍሬኗን መርምሩ፣ መሪዋን መርምሩ፣ መብራቷ ካልበራ መልሱኝ። በዚህ ማንም አይከራከርም። እኔ የምለው አንድ ሳጥን ጨምሩልን ነው። ፎርሙ ላይ የቤት፣ የንግድ፣ የመንግሥት ይላል። ከነዚህ ቀጥሎ «ጥንታዊ» የምትል አንዲት ባዶ ሳጥን። ምልክት የምናደርግበትን እስክሪብቶ እኛው እንገዛለን።

ስንት መኪና እንደጠፋ እኮ ታውቃላችሁ። የድሮዎቹ ፊያት ሰይቸንቶዎች የት ገቡ? ፔጆ 404ዎቹስ? ያ ሁሉ የአሰብን መንገድ የገፋ ኤንትሬስ? ኮምቦልቻ ውስጥ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ያደገ ትውልድ ነበር፤ ዛሬ ለልጁ የሚያሳየው አንድም የለውም። ሁሉም በኪሎ ተመዝኖ ብረት ማቅለጫ ገባ። መለዋወጫ ብቻ አይደለም ያስጨረሳቸው። ባለቤቶቹ ሰልፍ ሰለቻቸው። ሊብሬ ማስተካከል ሦስት ወር ይፈጃል፣ ቆራርጦ መሸጥ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ባለፈው ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ሄድን። ልጅቷ ጋሼን ስታይ ተነሥታ ወንበር አመጣችላቸው። «አባባ፣ እርስዎ ለምን ይንገላታሉ? አብሽሩ፣ ዛሬ እንጨርሳለን።» እውነትም ፊቷ ላይ ልባዊነት ነበር። ኃላፊው ግምቱን ለጊዜው ተወት አድርጎ ፋይሉ እንዲንቀሳቀስ ፈቅዷል አለች። ደስ አለን። የቀረው አንድ ፎርም መሙላት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፎርም።

«እህቴ፣ ቤንዚን ነው የምትጠጣው እኮ!»

«ገባኝ ወንድሜ፣ ግን ሲስተሙ ውስጥ አንዴ ስለገባች ካልተሞላ አያሳልፈኝም። አንተ ዝም ብለህ ሙላው።»

ሞላሁት። ስም፣ ቀበሌ፣ ቀለም። ታች ወርጄ «የባትሪ አቅም» የሚል ጋ ቆምኩ። ወደ ጋሼ ዞርኩ። ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው እያዩኝ ነው።

«ስድስት ቮልት በል» አሉኝ።