ጅማ ዩኒቨርሲቲ ምኑን ያስቀድም? ምርምሩን ወይስ የደጁን ሕዝብ?

ጅማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ የግቢው ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩም፣ የባጃጁም፣ የሆስፒታሉም፣ የቡናውም ነገር ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሁለት የከተማዋን ነዋሪዎች በጽሑፍ እንዲከራከሩ ጠየቅን። አንዷ ወጣት የምህንድስና መምህርት ናት። ሌላው ረጅም ዘመን ግብርና አስተምረው ጡረታ የወጡ አንጋፋ መምህር ናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አመራር በቀጣዩ ስትራቴጂክ ዕቅዱ ከሁሉ በፊት ምኑን ያስቀድም?

መምህርቷ

ምርምርን ያስቀድም። እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ ዋና ሥራ።

ዩኒቨርሲቲው በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ችግር የቦታ ጥበት ነበር። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ በጣት የሚቆጠር ነበር። በር መክፈት ያስፈልግ ነበር፤ ጅማም ከፈተ። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። መቱም፣ ቦንጋም፣ ሚዛንም ዩኒቨርሲቲ አለ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ፈልጎ ከመቱ ጅማ መምጣት ቀርቷል።

የተማሪው ነገርም ተቀይሯል። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016ም ቢሆን 5.4 በመቶ ነው። «ዘንድሮ ስንት ተማሪ ተቀበልን» እያልን የምንኮራበት ዘመን አብቅቷል። ዕቅዱ ይህን አምኖ መነሳት አለበት።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲከፋፍል ስምንቱን የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሏቸዋል። ጅማ አንዱ ነው። ይህን ስም ይዞ እንደ ድሮው መቀጠል አይቻልም። ሳምንቱን ሙሉ ከክፍል ክፍል የሚሮጥ መምህር ምርምር አይሠራም። ሠራ ቢባል እንኳ ለዕድገት የሚሆን ወረቀት ነው የሚሠራው። ስለዚህ አመራሩ ይወስን። የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞችን ይቀንስ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪውን ያጠናክር፣ ለመምህሩ ጊዜ ይስጠው።

ጥቅሙን በቡና ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን መግባቱ ታወቀ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁርና ይረግፋል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጣ። ከእነሱ ውስጥ 74110 እና 74112 ዛሬ ከጅማ አልፈው ይርጋጨፌና ጉጂ ድረስ ተተክለዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ዓመታት ይወስዳል። ግን አንዴ ከተሳካ ትውልድ ይበላበታል።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያዬ አይገባም ብሏል። ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ በካርታ ተለይቶ መታወቅ አለበት። የጎማና የማና ወረዳ ገበሬ ይህን ብቻውን አይወጣውም። ካርታውን የሚያነሳለት፣ ደኑን የሚለይለት፣ መረጃውን የሚይዝለት ተቋም ያስፈልገዋል። ይህንን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ካልሠራው ማን ይሥራው?

አንጋፋው መምህር

ልጄ፣ 74110ን ማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ግን ታሪኩን ከመሃሉ ነው የጀመርሽው። ያ ዝርያ ቤተ ሙከራ ውስጥ አልተፈለሰፈም። ባለሙያዎቹ በሽታው በበረታበት ጊዜ ገበሬው ማሳ ገብተው፣ ሁሉ ሲረግፍ ያልረገፈችውን እናት ዛፍ ፈለጉ። ኢሉባቦር ውስጥ አገኟት። 74 የሚለውም ዛፏ የተመረጠችበት ዓመት ነው። መጀመሪያ ሄደው አዩ፣ ጠየቁ። ምርምሩ ከዚያ በኋላ መጣ። የእኔም ክርክር ይኸው ነው፤ ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ።

ጅማ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም፣ ተማሪው ከግቢ ወጥቶ ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ እንዲማር ታስቦ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የሚባለው ነው። ሌላው አገር ተማሪውን አዳራሽ ውስጥ ሲያጉር፣ የእኛ ልጆች ሲቢቲፒ በሚባለው ማኅበረሰብ አቀፍ ሥልጠና ቀበሌ ይወርዱ ነበር። ሊመረቁ ሲሉ ደግሞ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና አለ። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ የአካባቢ ጤና ተማሪው በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጣላሉ። አሰንዳቦን፣ ሰርቦን፣ ሸቤን በዚያ ነው ያወቋቸው። አንድ ወጣት ሐኪም የምንጭ ውሃ እንዴት እንደሚጎለብት ከጓደኛው የሚማርበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ይህን ያህል ዓመት የተገነባ ነገር በዕቅድ ሰነድ ላይ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ተብሎ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ሲወርድ ያመኛል።

ሆስፒታሉን ደግሞ አትርሺ። የጅማ ሕክምና ማዕከልን ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይጠብቀዋል። ከከፋ፣ ከሸካ፣ ከቤንች፣ ከጋምቤላ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ ሰው ከዚህ ቢመለስ ቀጣዩ መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ምጥ የያዛት እናት የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ስንተኛ እንደሆነ አትጠይቅም። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መብራት አለው ወይ፣ ደም አለ ወይ፣ አንስቴዢያ የሚሰጥ ባለሙያ አለ ወይ ነው ነገሯ።

ስለ ዕቅድም ልበል። በሥራ ዘመኔ ቢፒአር አይቻለሁ፣ ቢኤስሲ አይቻለሁ፣ ካይዘንም አይቻለሁ። ሁሉም የአሠራር ለውጥ ተብለው ሥልጠናና ፎርም ይዘው መጡ። ሁሉም ውስጥ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ሁሌም የዕቅዱ ግብ ይበዛል። ጥራት፣ ተደራሽነት፣ ምርምር፣ ዲጂታል፣ ዓለም አቀፍነት፣ አረንጓዴ ግቢ፣ ሁሉም አንደኛ። ሁሉን አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። አመራር ማለት ከእነዚህ ውስጥ የቱ ዘንድሮ ይቆይ ብሎ መወሰን ነው።

መምህርቷ

ጋሼ፣ እናት ዛፏን እቀበላለሁ። ግን ካገኟት በኋላ ምን አደረጉ? ችግኟን መልኮ ወስደው አባዙ። ሆን ብለው በሽታውን የሚያመጣውን ሻጋታ እያስያዙ ፈተኑ። ጠበቁ። ያ ቤተ ሙከራ ባይኖር ዛፏ ያችው አንድ ዛፍ ሆና ትቀር ነበር።

ቀበሌ ስለመውረድ ያሉትም እውነት ነው። እኔ ግን ሌላውን ገጽ አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። ተማሪዎች ይዤ ወደ አንድ ቀበሌ ወጣሁ። አንዲት እናት በርጩማ አውጥተው አስቀመጡን፣ ቡና አፈሉ። ልጆቹ መጠይቃቸውን ዘረጉ። ሽንት ቤት አለዎት? ውሃ ከየት ይቀዳሉ? ከአምስት ዓመት በታች ስንት ልጅ አለ? እናትየው ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። ከዚያ እሳቸው ጠየቁ። «ባለፈው የመጡት ልጆችም ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። ምን ተደረገ?» ተማሪዎቹ እኔን አዩኝ። መልስ አልነበረኝም።

እዚያ ደጅ ላይ መገኘታችን ብቻውን ለእኚያ እናት ምንም አልጨመረላቸውም። ተማሪው ልምድ አገኘ፣ ውጤት ተሞላለት፣ እሳቸው የሚቀዱበት ምንጭ ግን ያው ነው። የጎደለው ምን ነበር? ያለፈውን ዓመት መረጃ የያዘ፣ ያነጻጸረ፣ «እዚህ ቀበሌ ውስጥ የባሰው ይህ ነው» የሚል ሰው። ይህ ደግሞ ምርምር ነው።

ጅማ ይህን ማድረግ እንደሚችል አሳይቷል። የጊልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ጀምሮ በግድቡ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ እያለ ይመዘግባል። ከዓመት ዓመት አንድ ቦታ። ግድቡ ውሃ ከያዘ በኋላ በዙሪያው ስላለው ወባ የተጠናውም እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ያንን አብዙት ነው የምለው።

ለዚህ ደግሞ ራስ ገዝነት ያስፈልጋል። በ2015 አዋጁ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መንገዱን ጀምሯል። ጅማም ተራው ከመድረሱ በፊት ይዘጋጅ። በማውቀው አንድ የመንግሥት ተቋም ለአንድ ተማሪ ጥናት የታዘዘ ሪኤጀንት፣ የቤተ ሙከራ ኬሚካል ማለት ነው፣ ተማሪው ተመርቆ ከሄደ በኋላ ነው የገባው። ግዢው ሲጓተት፣ ጨረታው ሲሰረዝ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ። በእንዲህ ዓይነት አሠራር ማንም አይመራመርም።

አንጋፋው መምህር

የእናትየው ጥያቄ አንገት ያስደፋል። ትክክል ነሽ። ግን መድኃኒቱ ሌላ ወረቀት አይደለም። የወረቀቱ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ውጭ አገር ይታተማል፣ መምህሩ ያድግበታል፣ ቀበሌው አያየውም። እኔ አመራሩ ብሆን ዕቅዱ ላይ አንድ ሕግ እጽፋለሁ። ውጤቱ በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ለቀበሌው ሰው በስብሰባ ሳይነገር ጥናት ተጠናቀቀ አይባልም። ተማሪም በየዓመቱ ቀበሌ አይቀያይርም። አንድ ቀበሌ አምስት ዓመት ይያዝ። ይህ ብዙ ብር አይፈልግም።

ጊልገል ጊቤንም ካነሳሽ አይቀር፣ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙውን ጊዜ በውጭ ትብብር ነው የሚጠነክረው። ጅማ ከቤልጂየም የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት በትብብር ሠርቷል፤ ብዙ መምህራን ተምረውበታል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን የፕሮጀክት ገንዘብ ቀን አለው። ምርምርን አንደኛ ስታደርጊ አጀንዳውን የሚቆርጠው ገንዘብ ያለው ይሆናል። ዴዶ ላይ አፈሩ ታጥቦ ያለቀበት ገበሬ ገንዘብ የለውም።

ራስ ገዝነቱ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈራኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፍሎ የሚማር ተማሪ መቀበል ጀምሯል። ነገ ጅማ ገቢህን ራስህ ፈልግ ሲባል ቀላሉ ገቢ የተማሪ ኪስ ነው። ከሰቃ ጨቆርሳ የመጣው ልጅስ? አባቱ ቡናውን ሸጦ ለደብተርና ለትራንስፖርት ነው የሚሰጠው።

ሌላም አለ፤ ማንም ዕቅድ ላይ የማይጽፈው። ጥገና። በስንት የመንግሥት ተቋም በጥቃቅን ብልሽት ቆሞ የቀረ መሣሪያ አይቻለሁ መሰለሽ። ፊውዝ ነው፣ አምፖል ነው፣ የሚያነበው ሰው ያጣ ማኑዋል ነው። መሣሪያ ሲገዛ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል። የሚጠግነው ቴክኒሺያን ግን ደሞዙ አንሶ ወደ ግል ሄዷል። የተሻለ ደሞዝና ሥልጠና ለቴክኒሺያኖች መስጠት ከአዲስ ማሽን ይበልጣል። ፕሬዚዳንቱ በየሦስት ወሩ መጠየቅ ያለበት «ስንት መሣሪያ ገዛን» ሳይሆን «ካለን ውስጥ ስንቱ ይሠራል» ነው።

መምህርቷ

በጥገናው አንድ ነን። በክፍያው ግን አይደለንም። ገቢ የግድ ከተማሪ አይመጣም። የአፈርና የቡና ጥራት ምርመራ፣ የግንባታ ዕቃ ፍተሻ፣ የማማከር ሥራ አለ። ኮንትራክተሩ ብረትና ኮንክሪቱን የሚያስፈትሽበት፣ ላኪው ቡናውን የሚያስመረምርበት ቦታ ይፈልጋል፤ ይከፍላልም። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ቤተ ሙከራው በትክክል የሚሠራ ተቋም ነው። ለሰቃው ልጅ ደግሞ ዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍለት፤ ከዚህ ገቢ ይህን ያህሉ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ይውላል ተብሎ። ካልተጻፈ እኔም ከእርስዎ ጋር ቆሜ እጮሃለሁ።

የመውጫ ፈተናውንም ያስቡት። ከ2015 ጀምሮ ማንም ሳያልፍ ዲግሪ አይዝም። ሙከራን በእጁ ሠርቶ የማያውቅ መምህር ያስተማረው ልጅ ምን ይዞ ይፈተናል?

አንጋፋው መምህር

ምርምሩ ይቅር አላልኩም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የአፈጻጸም ውል ይፈራረማሉ። ያ ጥሩ ነው። ግን በጀቱ ሲያንስ፣ ማነሱ ደግሞ አይቀርም፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ዕቅዱ ላይ ተጽፎ የጅማ ሰው ይወቀው። እስካሁን በብዙ ቦታ ያየሁት ቀድሞ የሚቆረጠው የመስክ መኪና ነዳጅና የተማሪ አበል ነው። እኔ የኮንፈረንሱና የማሳተሚያው ይቆረጥ እላለሁ። ነዳጁ አይነካ። አንቺስ የቱን ትቆርጫለሽ?

መምህርቷ

አዲሱን ሕንፃ እቆርጣለሁ ጋሼ። አዲሱን ዲፓርትመንትም እንዲሁ። ለአምስት ዓመት ምንም አዲስ ነገር አይከፈት። በዚያ የሚተርፈው ለነዳጁም ለቤተ ሙከራውም ይበቃል ብዬ አምናለሁ። አይበቃም፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ካሉኝ ግን ቤተ ሙከራውን ነው። የመስክ ጉዞ አንድ ሴሚስተር ቢዘገይ በሚቀጥለው ይካካሳል። አራተኛ ዓመቱ ላይ የተቋረጠ የቡና ሙከራ ግን እንደገና ከዘሩ ነው የሚጀምረው።