በዓል በመጣ ቁጥር የማይቀረው ፊልም እና የ1735ቱ እምቦጭ

እንኳን አደረሳችሁ ወገን። ዶሮው ተበልቶ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ፊልም ይከፍታል። አዎ፣ ያንኑ! እቴጌ ምንትዋብ፣ ጣና፣ ታንኳ፣ ፍቅር፣ ክህደት። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ፊልም ያላየ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሐይቃችንን እንደዚያ አሳምሮ ያሳየን የለምና ምስጋናችን ከልብ ነው። «ዓመት ዓመት ያድርሰን» ሲባል ፊልሙም አብሮ ይመረቃል። ግን በስመ አብ፣ ያንኑ ስህተት በየበዓሉ ከድፎው ጋር አብረን የምንውጠው እስከ መቼ ነው?

መክፈቻው ላይ «ጎንደር፣ 1735 ዓ.ም.» ይላል። እሺ፣ እስከዚህ ጥሩ። ምንትዋብ በ1723 ዘውድ ጭነው ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ መንግሥቱን ይዘዋል፣ ዘመኑ ይገጥማል። ከዚያ ትንሽ ሳይቆይ የልዕልቲቱ ታንኳ ሐምራዊ አበባ ሰንጥቃ ብቅ ትላለች። እምቦጭ! ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ጣና ላይ መኖሩ በ2004 ዓ.ም. የተረጋገጠ አረም፣ ለምንትዋብ ዘመን ፍቅር ምንጣፍ ሆኖ ተነጥፏል። በላዩ ላይ ደግሞ ዋሽንት! ገበሬው አረሙን በእጁ እየነቀለ ወገቡ ተቆርጧል፣ እናንተ አበባው አማረ ብላችሁ ካሜራ ታስጠጋላችሁ። መፍትሔው ከባድ አልነበረም። እምቦጭ ሥሩ መሬት ሳይዝ የሚንሳፈፍ አረም ነው፣ ነፋስ ወደነዳው ይሄዳል። ማታ ንጹህ የነበረ ዳርቻ ጠዋት ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ ቦታ የሚታየው በቀረጻው ዕለት ማለዳ ነው እንጂ ከሳምንት በፊት በተነሳ ፎቶ አይደለም።

ታንኳዋንማ ተዉት። ሲጀመር የተሠራችው ገና አረንጓዴ በሆነ ደንገል ነው። ደንገል ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው በነዶ በነዶ የሚታሰረው። የሚያንሳፍፈው በግንዱ ውስጥ ያለው አየር ነው። እርጥቡ ከባድ ስለሆነ ሰው ሲጫንበት ወደ ታች ይላል። ፊልሙ ላይ የልዕልቲቱ ቀሚስ እስከ ጉልበት የረጠበው ለዚህ ነው እንጂ በድራማ ምክንያት አይደለም። ማሰሪያው ደግሞ ሰማያዊ የናይለን ገመድ! በቅርብ ቀረጻ፣ ቋጠሮው ጫፍ በእሳት ተለብልቦ የቀለጠው ሳይቀር ይታያል። ልጥ ከየት ይገኛል እንዳትሉ፣ ዙሪያው ሁሉ ዛፍ ነው። ቀዛፊው የያዘው እንደ አካፋ የሰፋ የፈረንጅ መቅዘፊያ ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ግን ረጅም ቀርቀሃ ይዞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነው የሚቀዝፈው። ማታ ሲሆን ታንኳዋን ውኃ ላይ አስረዋት ይተኛሉ፣ «ሦስት ወር አለፈ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ እሷ እዚያው አለች። የደንገል ታንኳ ከተሄደበት መልስ ወደ ዳር ተጎትቶ ይደርቃል፣ ካልሆነ በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ ከጣና ታንኳ ሠሪዎች፣ ከነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች አንዱን ግማሽ ቀን ቢያማክሩ ያገኙት ነበር፣ ዳር ላይ ናቸው እኮ።

ወደ ጦርነቱ እንሂድ። ሌሊት ነው፣ ዶፍ ይወርዳል፣ የእቴጌይቱ ወታደሮች በውጅግራ ይታኮሳሉ። ውጅግራ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 ሞዴል የሆነ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ጎንደር ገብቷል ማለት ነው! በዚያ ዘመን የነበረው በክር እሳት የሚለኮስ ነፍጥ ነው። ባሩዱ በአፈሙዙ ይጨመራል፣ እርሳሱ ይከተላል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከጎኑ ባለው ትንሽ ገበታ ላይ ጥቂት ባሩድ ይነሰነሳል፣ ከዚያ የሚጤሰው ክር ሲወርድበት ይተኮሳል። አንድ ጥይት ይህን ሁሉ ይፈልጋል። የእኛ ጀግና ግን ሳያጎርስ ሰባት ጊዜ ተኮሰ። ዝናብ ላይ ደግሞ ክሩ ይጠፋል፣ ባሩዱ ይርሳል፣ ነፍጡ ዱላ ይሆናል። ዶፍ ውስጥ የሚያዋጋው ጦርና ጎራዴ ነው። ይህን ቢያውቁ ትዕይንቱ ራሱ ስንት እጥፍ ባማረ! ነፍጡ ከሸፈ፣ ጠላት ቀረበ፣ ጎራዴ ተመዘዘ… በነጻ የተሰጠ ድራማ ነበር፣ አባከኑት።

ከጦርነቱ መልስ ግብር ይገባል። ማዕዱ ላይ ድንች አልጫ አለ። ድንችን ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ወደ አገራችን ያስገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ይህን እንለፈው፣ ድንች ማንንም አልጎዳም። የማይታለፈው ቡናው ነው። እቴጌይቱ ረከቦት ፊት ተቀምጠው፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ሲኒው ላይ የፋብሪካ አበባ ታትሞበት! «ቡና የኛ አይደለም ወይ?» የሚል እንደሚመጣ እናውቃለን። የኛ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የደጋው ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፣ ነገሩ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። ዘጌ ጫካ ውስጥ ቡና ነበረ አልነበረም ሌላ ጨዋታ ነው፣ እዚህ የምናወራው ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለ መጠጣት ነው። ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ብታቀርቡ ማን ከለከላችሁ?

ገንዘብ ሲሰጡ ደግሞ ጠገራ ብር ይወረወራል። ካሜራው ይጠጋል፣ ሳንቲሙ ይሽከረከራል፣ ንስሩ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል፣ 1780 ይነበባል። በፈረንጅ አቆጣጠር! ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ገዢ ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ፊልሙ የቆመበት ዓመት በእነሱ 1742 ወይም 1743 ነው። «ገልብጠን ፊቷን ብናሳይስ?» ብትሉ እሱም አያድናችሁም። የምናውቀው ሥዕል ሻሽ ያደረገች ባልቴት ነው፣ ባሏ የሞተው ደግሞ በ1765 ነው። አሞሌ ጨው ብትደረድሩ ወይም ወርቅ በወቄት ብትመዝኑ ግን ማንም አፉን አይከፍትም ነበር።

«በጀት የለንም» የሚለው መልስ የሚያበግነውም ለዚህ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ቢታይ፣ ኮረብታው ላይ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ቢታይ እሺ፣ ሰንበሌጥ መክደንም ዛፍ ማጥፋትም ወጪ አለው እንበል (ካሜራውን ወደ ሐይቁ ማዞር ግን ስንት ነው?)። ማደግደግስ ስንት ብር ያስወጣል? አሽከሮቹ እቴጌይቱ ፊት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ልክ ሠርግ ቤት እንደመጣ ዘመድ ይቆማሉ። ንግሥት ፊት ሸማ ከትከሻ ወርዶ ወገብ ላይ ይታሰራል። ያው ነጠላ፣ ያው ተዋናይ፣ አስተሳሰሩ ብቻ ነው የሚለየው። ፈረሰኛውም ቡትስ ጫማውን እርካብ ውስጥ ሰክቷል። የዚያ ዘመን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነበር፣ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው። ጫማ ማውለቅ በጀት ያስፈልገዋል?

ልዕልቲቱ ከአሳዳጆቿ ሸሽታ ክብራን ገብርኤል ስትደበቅ ደግሞ የባሕር ዳር ሕፃን ሳይቀር ይስቃል። ሴት የማይገባበት ገዳም ነው! እዚያው አጠገቡ ሴት የምትገባበት እንጦስ ኢየሱስ አለ፣ ታንኳዋን ትንሽ ፈቅ ማድረግ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ምስጋናው ይመጣል። ሆቴሉ፣ ምግብ ያቀረበው፣ መኪና ያከራየው፣ ሜካፑ፣ ድሮኑ፣ «ስማችሁን ያልጠቀስናችሁ ሁሉ»። አንድ የታሪክ ሰው የለም። አንድ የገዳም አባት የለም። ታንኳውን የሠራው ሰውዬ እንኳ የለም፣ ምናልባት በናይለን ስላሰረው አፍሮ ስሜን አታስገቡ ብሎ ይሆናል።

አሁን ክፍል ሁለት ሊቀረጽ ነው የሚል ወሬ አለ። ደስ ይለናል፣ እናያለን፣ በበዓልም እንመርቃለን። ልብስ ከመስፋታችሁ በፊት ግን ደቅ ደሴት ሂዱ። እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ እዚያ አለ፣ ግድግዳው ላይ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፣ ጨርቁም ጥለቱም ይታያል። ሳባ በሚሉት ክር የሚያብለጨልጭ የማሽን ጥልፍ እዚያ አታገኙም። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ሐይቁ ይናወጣል፣ ስለዚህ ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሱ። ስትደርሱ አባቶችን አስፈቅዱ፣ ፍላሹንም አጥፉት።