ሎሚው ለዶሮው ይቆየን

የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ ላስቀይማችሁ ነው። የማወራው ስለ ሴት ልጅ ብልት ነው። ከአሁኑ «ነውር!» ያላችሁ አላችሁ፤ ግድ የለም፣ ጨርሳችሁ ተቆጡ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ፓንቴ ላይ ነጭ ነገር አየሁና ደነገጥኩ። ለአክስቴ ነገርኳት። ይሸታል ወይ፣ ያሳክክሻል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። «ብርድ መትቶሽ ነው» አለች። ሎሚ ለሁለት ከፈለች፣ ለብ ባለ ውኃ ላይ ጨመቀችው፣ ጨው ጣል አደረገችበት። ልክ የፋሲካ ዶሮ እንደምታጥብ። ያን ሌሊት ሲያቃጥለኝ አደረ። በማግስቱ ሳሙና ተጨመረ። ሳምንት ሳይሞላ እውነተኛው ማሳከክ መጣ። በደህናዬ ገብቼ ታምሜ ወጣሁ።

እናንተ እናቶች፣ እርጎ ታረጋላችሁ አይደል? ወተቱን የሚያኮመጥጠው ዓይን የማያየው ተህዋሲ ነው። የእሱ ዘመድ፣ ላክቶባሲለስ የሚሉት፣ በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ ይኖራል። ላክቲክ አሲድ እየሠራ ቦታውን ኮምጠጥ ያደርገዋል፤ በፒኤች ልኬት ከ3.8 እስከ 4.5 መሆኑ ነው (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይበረታል)። በሽታ አምጪዎቹ እዚያ አይመቻቸውም። ሳሙናውን፣ ዴቶሉን፣ ጨው ውኃውን ወደ ውስጥ ስታስገቡ ዘበኛውን ነው የምትገድሉት። «ሎሚም እኮ ኮምጣጣ ነው» የምትል አትጠፋም። ሎሚ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፤ ስስ ገላ ያቃጥላል። (ደግሞ እርጎ ሞክሩ ማለቴ አይደለም፤ ምሳሌ ነው!) ውስጡ ራሱን ያጸዳል። እናንተ ከውጭ በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ ስትጠራረጉም ከፊት ወደ ኋላ። በቃ።

ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም። ውኃ መሳይ ወይም ነጣ ያለ፣ የማይከረፋ፣ የማያሳክክ ከሆነ ጤና ነው። ሲደርቅ ጨርቅ ላይ ቢጫ ሊመስል ይችላል። በሁለት የወር አበባ መካከል፣ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ይሳባል። በእርግዝና ጊዜም ይበዛል። ይህን ሁሉ ነው እንግዲህ «ብርድ» እያልን ልጆቻችንን የምናሳቅቀው።

እውነተኛው በሽታ ሲመጣ ደግሞ ዝም እንላለን። እንደ አይብ የተፈረካከሰና ክፉኛ የሚያሳክክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ስስ፣ ግራጫ፣ የዋለ የጎርጎራ ዓሣ የሚሸት ከሆነ የተህዋሲያኑ ሚዛን ተዛብቷል። አረፋ ያለው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ በግንኙነት የሚተላለፈው ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል። መግል መሳይ ሆኖ ታች ሆድ ሲቆርጥ፣ ትኩሳትም ሲኖር፣ ነገ አይባልም። በግንኙነት የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያ ሳይታከሙ ከቆዩ የማህፀን ቱቦ ሊዘጉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ «መካን» ብለን ምራታችንን የምናስፈታ እኛው ነን።

ባሎች፣ ወዴት ናችሁ? «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ስትባል «እኔ ምን ሆንኩና» ትላላችሁ። ትሪኮሞናስ ወንድ ላይ ምልክት ላያሳይ ይችላል። እሷ ክኒን ትውጣለች፣ እናንተ መልሳችሁ ትሰጧታላችሁ።

ፋርማሲስቶችም አትለፉኝ። ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አንዲት ልጅ ወንዶቹ እስኪወጡ መደርደሪያ ላይ ያለ ሻምፑ ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተጠግታ «ለ... ፈሳሽ» አለች። አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አንቲባዮቲክ ተቆጥሮ ተሰጣት። ለሦስተኛ ጊዜዋ መሆኑን በር ላይ ነገረችኝ። ችግሯ ፈንገስ ቢሆንስ? አንቲባዮቲክ ዘበኛውን ጨርሶ ፈንገሱን ያደልበዋል። እርጉዝ ብትሆንስ? ማን ጠየቃት?

ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገር የጤና ባለሙያ የምታሠለጥን ከተማ ውስጥ ሆነን እኛ ገና ሎሚ እየጨመቅን ነው። ያሳፍራል።

ካረጡ በኋላ ደም ያዩ፣ ከግንኙነት በኋላ የሚደሙ እናቶችም አሉ። «ዕድሜ ነው» እያሉ ይቀመጣሉ። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ነው። ደም ያየች እናት ዛሬውኑ ትታይ። ምንም ባይሰማችሁም ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ተመርመሩ፤ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ቀብተው ያዩታል፣ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የዚህ ካንሰር መከላከያ ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ትምህርት ቤት ሲመጣ ልጃችሁን አትደብቁ።

መደበቅ ካልኩ አይቀር፣ ፓንታችሁን የት ነው የምታሰጡት? አውቀዋለሁ፤ ጓዳ ውስጥ ወይም ገመድ ላይ ከፎጣ ሥር። በክረምት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ከነእርጥበቱ ይለበሳል። ፈንገስ የሚወደው ይህንኑ ነው። የወንዶቹ ካልሲ እንኳ ፀሐይ ላይ ተንጣሎ ይውላል። ነገ ጠዋት ከፎጣው ሥር አውጡት። ጎረቤት ካየ፣ ይየው።